የጠበቃው ኤድኔፈድ ሐሰተኛ ስንኝ

በሰሜን ዌልስ፣ በአንድ የድንጋይ ካባ ከተማ፣ ጠበቃና ገጣሚው ኤድኔፈድ ፕሮሰር ማለዳ ቢሮው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። መዶሻ ማጅራቱን አድቅቆታል። ራሱን ሊከላከልበት ያነሳው የቀኝ እጁ ጣቶች አምስቱም ተሰባብረዋል፤ ደሙ እስከ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ተረጭቷል። ያገኘችው ሚስቱ ሄሌድ ነበረች።

መርማሪ ሪደርክ ፒው ብቻውን ገብቶ በሩን ዘጋ። ከሟቹ ደረት ሥር አንድ ወረቀት አወጣ፤ በቁም ጽሕፈት የተጻፈ አራት ስንኝ፣ መጨረሻው «የገደለኝ ቱዱር ነው» የሚል። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ድንጋይ ፈላጩን ቱዱርን አስጠራው።

«የኤድኔፈድን ራስ እፈልጣለሁ ብለህ ሰው ፊት ዝተሃል አሉ?»

«ብያለሁ! ግጥሜን አንካሳ ፍየል ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ በግጥም ውድድር ለአሸናፊው የሚሰጠውንም የክብር ወንበር ነጠቀኝ። ግን አለቃ፣ እሱን ብገድለው ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

ሄሌድ ዓይኗ ደርቋል። «ሰኞ ችሎት ነበረው። ናዳ ለቀበራቸው አሥራ አንድ ሠራተኞች ሚስቶች ሊከራከር። ካባው እንደሚናድ አለቆቹን አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ደብዳቤ ነበረው። አሁን መሳቢያው ባዶ ነው።»

የካባው ሥራ አስኪያጅ ሜይሪግ ቮን ግን ትከሻውን ሰበቀ። «ምን ያደክምዎታል? ሟቹ ራሱ በግጥም የገዳዩን ስም ጠርቷል። ቱዱር ይሰቀልና እንገላገል።»

ከሰዓት በኋላ ፒው ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰብስቦ ግጥሙን አነበበላቸው።

«ይሄማ የኤድኔፈድ አይደለም!» አለች ሄሌድ። «በዌልስ ግጥም ደንብ በየስንኙ መመላለስ ያለባቸው ድምፆች አይመላለሱም። እሱ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ስንኝ አይሰብርም።»

«ልክ ነዎት፣ ወይዘሮ ሄሌድ። ደግሞም ጣቱ የደቀቀ ሰው እንዲህ አሳምሮ አይጽፍም። የጻፈው ገዳዩ ነው። ቱዱር ደግሞ የራሱን ስም ጽፎ ገመድ አንገቱ ላይ አያስገባም። ይህን ወረቀት እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አቶ ሜይሪግ፣ ግጥም መኖሩን ማን ነገረዎት?»

ሜይሪግ ከጠረጴዛው የወረቀት መቁረጫውን ቢላ አፈፍ አድርጎ ፒው ላይ ዘለለ። ቱዱር መሐል ገባ። ስለቱ የቱዱርን ጉንጭ እስከ አጥንት ተረተረው፤ እሱም የሜይሪግን ክንድ ቀጭ እስኪል ጠመዘዘና ወለሉ ላይ ደፋው።

ሜይሪግ እያቃሰተ ሳቀ። «ደብዳቤውን አቃጥዬዋለሁ! ፊርማ እንኳ አልነበረውም። መበለቶቹ ምን ይዘው ሊከራከሩ?»

«እኔን» አለ ቱዱር ደም እየተፋ። «ደብዳቤውን ላንተ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ግልባጩንም ለኤድኔፈድ በበሩ ሥር የሰደድኩት። ፈርቼ ስሜን ደበቅሁ። ሰኞ ቆሜ እናገራለሁ።»

በዚያ በውድድሩ ጠብ የተነሣ ሄሌድ ቱዱርን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ብላው አታውቅም። መሐረቧን አውጥታ ጉንጩን አጥብቃ ያዘችለት።

«ዝም በል» አለችው። «አፍህን ለሰኞ አቆየው።»