የተጣመመው ኮሌታ

በጎፋው የቀበሌ አዳራሽ ሕዝቡ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ፣ ፊልሙን የሠራው አምሐ ከነጩ ግድግዳ ወዲያ ባለችው ዕቃ ቤት በደረቱ ተደፍቶ ነበር። የበሩ ብረት መወርወሪያ ከራሱ አጠገብ ወድቋል። በጣቶቹ መካከል የነበረችው ሲጋራ ሳትጨስ ነዳ አልቃለች። ያገኘው የፕሮጀክተሩ ሠራተኛ ዲንሳ ነው፤ የፊልም ቆርቆሮዎቹን ሊያመጣ ገብቶ። ጩኸቱ ሲሰማ በአዳራሹ የአስተያየት መስጫው ሰዓት ገና መጀመሩ ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ በበኩሌ» ብሎ እንደ ጀመረ ቀረ።

መቶ አለቃ ትሩፋት ከወንጀል ምርመራ ስትደርስ እሑዱ አልመሸም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሙሉሰው ደጃፉ ላይ ጠበቃት። አሥረኛው የአብዮት በዓል እየተቃረበ ስለ ነበር ግቢው በሙሉ ኖራ ተቀብቷል፤ የእሱም ጫማ ነጭ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አላት። «ገዳይዋን ይዘናታል።»

«ማናት?»

«አማከለች። በፊልሙ ሚስት ሆና የሠራችው። ሟቹ ደግሞ ባል ሆኖ ሠርቷል። ሰው ስለ ሁለቱ ሲያወራ ነው የከረመው። የመጨረሻው ጥቅልል ሊጀመር ሲል ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወጣች። የት ነበርሽ ስትባል ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር ትላለች። ያያት የለም። ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይወስዳታል።»

በዚያ ዘመን ወደ ከፍተኛው የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መጠየቅ ያስጠይቅ ነበር። ትሩፋት ይህን ታውቃለች። ቆቧን አውልቃ በብብቷ ያዘች።

«መኪናው እስኪመጣ የእኔ ናት» አለች። «እስከዚያ ምንም ወረቀት እንዳታስፈርሟት።»

ዕቃ ቤቷ ጠባብ ናት። መስኮቷ በብረት ዘንግ የታጠረ ነው፤ በሯ አንድ፣ እሱም ከነጩ ግድግዳ ጎን ወደ አዳራሹ የሚከፈት። ፊልሙ የታየው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ድምፅ ማጉያው ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ትሩፋት ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ዲንሳ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ እንዲናገር አዘዘችው። ቃል በቃል ሰማችው።

ዲንሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አምሐ በሰው አገር ተምሮ የተመለሰ ጊዜ ሌላው ፍሪጅ ሲያመጣ እሱ ካሜራ ይዞ እንደ መጣ ነገራት። ከመንግሥትም ከባለጸጋም እርዳታ ሳይጠይቅ በሰፈሩ ሰዎች የሠራው ፊልም ነው፤ በአንድ ገበታ እየበሉ ስለማይነጋገሩ ባልና ሚስት። የመጨረሻውን ጥቅልል ከሦስቱ፣ ማለት ከአምሐ፣ ከአማከለችና ካሜራውን ከያዘው ከዲንሳ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም።

«ሰውዬው ፊልሙ ሲታይ ዕቃ ቤት ምን ይሠራል?» አለች።

«ሰው ሲያይበት ማየት አይችልም። እዚያ ሆኖ ያዳምጣል። ሳቁንም ሳሉንም።»

«ማን ሊገባበት ይችላል?»

«መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ስለ ሸፈንናቸው ጥቅልል ስቀይር አዳራሹ ድቅድቅ ይላል። ያኔ ከፊተኛው አግዳሚ የተቀመጠ ሰው ሁለት እግር አንሥቶ ይገባል። ፊልሙ ከጀመረ ግን በብርሃኑ ፊት ሳያልፍ አይገባም፣ አይወጣም። ጥላው ግድግዳውን ይሞላዋል። ሕዝቡ ደግሞ ዝም አይልም፤ ያፏጫል።»

«የተፏጨበት አለ?»

«የለም። አምሐ ራሱ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሰጥቶኝ ነው በዚያው ጨለማ የተመለሰው።»

ከፊተኛው አግዳሚ የተቀመጡት አራት ነበሩ፤ ሊቀ መንበሩ ሙሉሰው፣ የላፍቶው ገበሬ ኦቦ በንቲ፣ አማከለች፣ እና ባሏ ከበበው፣ የኅብረት ሱቁ ኃላፊ። ትሩፋት ሁሉንም አንድ በአንድ በሙሉሰው ቢሮ ጠራቻቸው። ሟቹን እንዴት ታውቁታላችሁ አላለችም። የት ነበራችሁ ብላም አልጀመረች። የተቋረጠውን አስተያየት እንቀጥል አለች።

ሙሉሰው ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲረዳ ግን እንደ ስብሰባ ተናገረ። ፊልሙ ስለ ቤተሰብ ኑሮ ነው ሲባል አስተማሪ መስሎት ነበር የፈቀደው። ሆኖም ሴትዮዋ ችግሯን ለሴቶች ማኅበር ማቅረብ ሲገባት ሻንጣዋን አንጠልጥላ መንገድ ገባች፤ ይህ ንዑስ ከበርቴያዊ መፍትሔ ነው። ፊልሙ ሊቃጠል ይገባል።

«ሰውየውንስ?» አለች ትሩፋት።

«ሰውየውን ገሥጬው ነበር። መግደል ቢያስፈልገኝ ዕቃ ቤት አልደበቅም።» ይህን ብሎ ራሱ ደነገጠ።

ኦቦ በንቲ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። በፊልሙ የሚታየው ቤት የእሳቸው ነው። አምሐ ቤቱን ሲለምናቸው የሠርግ ፊልም መስሏቸው ነበር።

«የሰካራም ቤት አደረገው» አሉ። «ጎረቤት ሁሉ አሁን በንቲ ይጠጣል ይላል። እጠጣለሁ፤ ግን እዚያ ቤት አይደለም።»

«መጨረሻውስ፣ ኦቦ በንቲ?»

«እሱ ነው ያናደደኝ። ትሂድ፤ በመሄዷስ ደግ አደረገች። ግን ልትሄድ ተነሥታ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች? በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይሄዳል እንጂ ጭራውን ያበጥራል?» ጋቢያቸውን እንደገና ሰበሰቡ። «ሌሊት ሳስበው ግን አለቅሳለሁ መሰለኝ።»

ሌላም ነገር አጫወቷት። በፊልሙ መሐል ባልየው «እኔ በዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ወይ?» ሲል አዳራሹ ሳቀ፤ ሰውም ዞር ዞር ብሎ ከበበውን አየው። ከበበው ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ሳይቀር የሚላት አባባል ናት።

ከበበው ሲገባ ሱፍ ኮቱን ቆልፎ፣ ኮሌታው ግን በአንድ ወገን ታጥፎ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው። ስለ ሚስቱ የሚወራውን እንደማያምን ተናገረ፤ እሷ ብትገድልም ተገድዳ እንጂ ክፉ ሆና አይደለም አለ። ትሩፋት ፊልሙን ጠየቀችው።

«መጀመሪያው አሳፍሮኝ ነበር» አለ። «መጨረሻው ግን ካሰኝ። ያን ሁሉ በደል ችላ ይቅር አለችው። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ነው ለሕዝብ መታየት ያለበት።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባውም እውነተኛ ነበር።

አማከለች መጨረሻ ቀረበች። በክር ፋብሪካ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ስትቀመጥ ወንበሩን የማትደገፍ ሴት ናት። ሙሉሰው በበሩ ብቅ ብሎ ብትፈርም ቅጣቱ እንደሚቀልላት አስታወሳት።

«ያልሠራሁትን አልፈርምም» አለችው። «ስንት ሆናችሁ ብትመጡም።»

ትሩፋት በሩን በፊቱ ዘጋችው። «ፊልሙን ወደድሽው?»

«ይህን ኑሮ ሁለቴ ነው የኖርኩት፤ አንዴ ቤቴ፣ አንዴ ካሜራ ፊት። የወደድኩት የኋለኛውን ነው። እዚያ በሩ ይከፈታል።»

«አምሐ ወዳጅሽ ነበር?»

«ሲጠይቀኝ መልሴን እስኪሰማ ይጠብቅ ነበር። ሰፈሩ ለዚህ ሌላ ስም ካለው እሱ ያውቃል።»

«ታዲያ መጨረሻውን ሳታዪ ለምን ወጣሽ?»

«ባሌ አጠገቤ ነበር። ያን ሲያይ ፊቱን ላየው አልፈለግኩም።»

«ፍጻሜውን አልነገርሽውም?»

«እኔ ምን እንደምሠራ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሰኞ ማለዳ፣ መኪናው ከመድረሱ በፊት፣ ትሩፋት አራቱንም በዚያው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች። መስኮቶቹ ዳግመኛ ተሸፈኑ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ዲንሳ የመጨረሻውን ጥቅልል አስገባ፤ ትሩፋትም ቆቧን የፕሮጀክተሩ ዓይን ላይ ደፋችበት።

«ለጊዜው አናይም» አለች። «እንሰማለን።»

በጨለማው ውስጥ የሞተው ሰው ድምፅ ተሰማ። አምሐ፣ በባልየው አፍ፣ «ይቅር በይኝ» ይላል። ይደግመዋል። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ የአማከለች ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ይቅር።» ክራር ተከተለ፤ ሌላ ንግግር የለም።

«እሰይ» አሉ ኦቦ በንቲ በጨለማው ሳያስቡት፤ ወዲያው «ቆይ፣ ቆይ» አሉ።

ትሩፋት ጥቅልሉን አስመልሳ ቆቧን አነሣች። አሁን ግድግዳው ላይ ባልየው ተንበርክኳል። ሚስትየዋ ቀለበቷን ታወልቃለች። «ይቅር» ብላ መዳፉ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የተጣመመ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች። ሻንጣዋን አንሥታ ትወጣለች፤ እስኪያልቅ ድረስ የሚታየው የተከፈተ በርና መንገዱ ነው።

መብራቱ ሲበራ ትሩፋት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ገዳዩ ወደ ዕቃ ቤቱ የገባው ጥቅልል ሲቀየር ነው» አለች፤ «ምክንያቱም ከዚያ በፊት አምሐ እዚህ ዲንሳ ዘንድ በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በብርሃኑ ያለፈ የለም። ስለዚህ መውጣትም አልቻለም። ፊልሙ አልቆ ሰው ተነሥቶ እስኪተረማመስ ከሬሳው ጋር ቆየ፤ የሁሉም ዓይን ግድግዳው ላይ ስለ ነበር ባዶ መቀመጫውን ያስተዋለ የለም። ይህ ማለት የመጨረሻውን ጥቅልል ሰምቶታል፤ አላየውም። ትናንት አስተያየት የጠየቅኋችሁ ለዚህ ነው።»

ሙሉሰው ተነሣ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ አማከለች አላየችም። ራሷ ብላለች።»

«አማከለች ማየት አያስፈልጋትም፤ ሠርታዋለች። ይቀመጡ። እርስዎ ሻንጣውን አይተዋል፤ ስለ ሻንጣው ተቆጥተዋል። ኦቦ በንቲ በኮሌታው ተናደዋል። ወዳችሁትም ጠልታችሁትም፣ ሁለታችሁም ስለ አንዲት ስለሄደች ሴት ነው የተጣላችሁት። አንድ ሰው ብቻ ስለ ቀረች ሴት ነገረኝ።»

ማንም ከበበውን ለማየት አልዞረም። በፊልሙ ቀን ዞረው ነበር።

«አስተያየት ነዋ» አለ ከበበው። «ሰው እንደ ልቡ ያያል።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ። ሌሊቱን ግን ቃሏን ሳላምጣት አደርኩ። በደልን ይቅር እንላለን፤ ምሕረት ነው። ሠርጉ ይቅር፣ መንገዱ ይቅር እንላለን፤ መተው ነው። ጆሮ ብቻ ያለው ሰው፣ በዚያ ላይ ይቅር በይኝ የሚል ልመና ቀድሞ የሰማ፣ ምሕረቱን ይመርጣል። ኦቦ በንቲ እንኳ ፍጻሜውን እያወቁ አሁን በጨለማው ተሳሳቱ። ዓይን ያለው ግን ቀለበቱን ያያል። አቶ ከበበው፣ ይቅር ስትለው እጇ ምን እያደረገ ነበር? ይህን ዛሬ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር፤ ትናንት ቢጠየቁ ምን ይሉኝ ነበር?»

ከበበው መዳፉን ተመለከተ፤ አንድ ነገር የተቀመጠበት ይመስል። ሲናገር ለትሩፋት አልነበረም።

«መጨረሻውን ቁረጠው አልኩት። ቤቴን አደባባይ አወጣኸው፤ ነገ በመላው ከተማ ሊታይ ነው። እሱ ጨርሰህ ስማና ከዚያ ተናገር አለኝ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራውን ለኮሰ። መወርወሪያው እጄ ላይ ነበር። ከወደቀ በኋላ ነው ያቺን ቃል የሰማኋት። እኔን ያለችኝ መሰለኝ። ለካ እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ በከንቱ ገደልኩት ብዬ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።»

«ሚስትህ ስትታሰርስ?» አሉ ኦቦ በንቲ።

ከበበው እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

ውጭ የመኪና ሞተር ተሰማ። ሙሉሰው ነገሩ ስለ ተጣራ ፊልሙን ቀበሌው እንዲረከብ ሐሳብ አቀረበ። ትሩፋት ጥቅልሎቹን ከነቆርቆሯቸው አንሥታ ለፖሊሱ አሸከመችው። ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ አይቃጠልም አለችው፤ ፍርድ ቤትም እንደገና ያየዋል፣ ያኔ እርስዎም መጥተው አስተያየትዎን ይስጡ።

ካቴና የገባለት ከበበው አማከለች ፊት ሲደርስ ቆመ። ፖሊሱ አልጎተተውም።

«አማከሉ» አላት። በዚህ ስም የጠራት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። «ይቅር በይኝ።»

አማከለች ቀለበቷን ለማውለቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ጣቷ በሥራ ወፍሯል። በታሰሩት እጆቹ መካከል አስቀመጠችለት።

«ይቅር» አለችው።

ነጠላዋን አጣፍታ በዋናው በር ወጣች፤ በቆመው መኪና አጠገብ፣ ዞር ብላ ሳታየው፣ ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚወስደው መንገድ። የከበበው ኮሌታ እንደ ተጣመመ ነበር። አላስተካከለችለትም።