ያልተፈተሸው ሰው

ትምህርት ቤቱ ከተማው ዳር፣ በሁለት ሰፈር መሀል ነው የተሠራው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተማሪዎች እዚያ ሲገናኙ የዴስክ ብረት እግር እየነቀሉ ይፈነካከታሉ። ስለዚህ በሩ ላይ ፈታሽ ቆመች። የላይ ሰፈር ልጅ ናት፤ እጇ ከባድ፣ ምላሷም ስለት፣ ወንዱንም ሴቱንም የምትፈትሽ እሷው ብቻ። የተነቀለውን ዴስክ የሚበይደው ጎልማሳ ደግሞ የታች ሰፈር ልጅ ነው።

መጀመሪያ ቀን ስትዳብሰው ኪሱ ውስጥ ሜትር አገኘች።

«ምን ልትለካበት ነው?»

«እስከ ዛሬ ዴስክ ነበር የምለካው» አለና ዓይን ዓይኗን አያት።

«እለፍ ወዲያ፣ አፈ ጮሌ!»

ፊቷን አዙራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሳትጠራው መጥቶ እጁን ወደ ላይ ያነሳላታል። እሷም እሱን ስትፈትሽ ትቆያለች፤ ምን ይደበቃል!

ታላቅ ወንድሟ ሰማ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። የፊት ጥርሱን በድንጋይ ያወለቁት የታች ሰፈር ልጆች ናቸው።

«ለእነሱ የምሰጣት እህት የለችኝም። ካገኘሁት እገድለዋለሁ!»

«ሰውየው ምን አደረገህ?»

«እዚያ መወለዱ ይበቃል።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ በሩ ጋ መጣ።

«ሳትበዪ ወጣሽ እኮ። ትናንት ተናድጄ ነው፣ እህት ዓለም።»

ርእሰ መምህሩን እንኳ የማትምር ሴት፣ ያሳደገኝን ወንድሜን እንዴት ልዳብሰው ብላ አፈረች። «ውሃ ልጠጣ» ሲላት ዝም ብላ አሳለፈችው።

ምሳ ዕቃውን ሳትከፍት ጩኸት ሰማች። ሮጠች። በያጁ ከዴስኮቹ ሥር ወድቋል። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሞልቶታል። ወንድሟ ከጃኬቱ ሥር ያወጣውን ፌሮ ብረት ዳግመኛ አንስቷል። ተማሪው ከቦ «በለው! በለው!» ይላል።

መሀል ገባች። ፌሮው ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። በደህናው እጇ የዴስክ እግር አነሳችና የወንድሟን ጉልበት አለችው። ሲወድቅ ፌሮውን ረግጣ ቆመች።

«ለባዕድ ብለሽ የእናትሽን ልጅ?» አለ እያቃሰተ።

«ባዕድ አይደለም! ባሌ ነው!»

በያጁ ከወደቀበት በቀጭን ድምፅ፣

«መቼ ነው የተጋባነው?» አላት።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ደምህ ይፈስሳል!»

ለፖሊስም «የመታው ወንድሜ ነው፤ ሳልፈትሽ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ብላ ቃሏን ሰጠች። ወንድሟ ታሰረ፣ እሷም ከሥራ ተባረረች። በያጁ ቁስሉ ሲደርቅ አገባት። ወንድሟ ከእስር ቢፈታም ደጃፏን ረግጦ አያውቅም።

ዛሬም ብርድ ሲሆን ክንዷ ይጠዘጥዛታል። ባሏ እያሸ ቀና ሲል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ያገኘዋል።

«አመመሽ እንዴ?»

«አዎ» ትለዋለች፣ «ክንዴን።»