ቁጥር አሥራ ሰባት

ሟቹ በአልጋቸውና በጠረጴዛቸው መካከል በግራ ጎናቸው ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸው ኮዳቸውን እንደጨበጠ ቀርቷል። ሻምበል ሀብተ ሥላሴ ተንበርክኮ የአንድ ዐይናቸውን ቆብ በጣቱ ገለጠ። ብሌኑ ጠቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ደርቋል፤ ከንፈራቸው ዙሪያ የአረፋ ምልክት አለ።

«የጥጥ ትል የሚረጩበት መድኃኒት ነው» አለ። «ሲረጩ በተመረዙ ሠራተኞች ላይ አይቼዋለሁ።»

ከበሩ ላይ የቆመው ሃምሳ አለቃ ጥሩሰው ደረቱን ነፋ። «እኔም መርዝ ነው ብዬ ባላባት ያዮን አስሬያለሁ ጌታዬ። ወተቱን ትናንት ጠዋት ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው።»

መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ኩባያ ወተት ተቀምጧል። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ በላዩ አቧራ ተኝቶበታል።

«ትናንት ዓርብ ነው» አለ። «በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ሰውየው ጾመኛ ነበሩ?»

መልሱን የሰጡት የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ንጋትወርቅ ናቸው። «ኧረ እሳቸው፣ በዚህ ሐሩር ውሃ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። ሙቀቱ ይገድልዎታል ብላቸው፣ ‹አንቺ ሂሳብሽን ጻፊ› ይሉኝ ነበር። ወተቱንም ሽማግሌው እንዳይከፋቸው ብለው ነው የተቀበሏቸው።»

ሻምበሉ ኮዳውን ከሟቹ ጣቶች አላቆ አሸተተ። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ለጥሩሰው አቀበለው። ጥሩሰው አሽትቶ አፍንጫውን ሸፈነ፤ ደረቱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሟቹ አቶ ወልደ ኢየሱስ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ከአዲስ አበባ የተላኩት በአዋሽ ሸለቆ የሚሠራባቸውን ሠላሳ አንድ ደንቦች እየመረመሩ የሚሻረውን እንዲሽሩ፣ የሚጸናውን እንዲያጸኑ ነበር። አብረዋቸው ሁለት አባላት ተቀምጠዋል፦ የጥጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቢሰጥና የአፋሩ ባላባት ያዮ። ድምፅ የሚሰጡ ሦስት ናቸው፤ የሚፈርሙት ግን ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ትእዛዙ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነበር። ሰብሳቢው «ይጽና» ብለው ያልፈረሙበት ደንብ ሁሉ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የተሻረ ይሆናል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሻምበሉ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጠ። በሃያ ሦስቱ ላይ «ይሻር»፣ በሰባቱ ላይ «ይጽና» ተብሎ ተፈርሟል። ባዶ የቀረው አንድ ነው፤ ቁጥር አሥራ ሰባት። «በበጋ ወራት ከጥጡ መካከል እስከ ወንዙ የከብት መውረጃ ክፍት ይሁን» ይላል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ዝናብ ስላልጣለ ከብቱ ደክሞ ውሃው ጋ ሳይደርስ በመንገድ እያለቀ ነው። ለከብቱ የቀረው ውሃ ወንዙ ብቻ ነው፤ ወደ ወንዙ የሚያወርደውም በእርሻው ውስጥ የሚያልፈው ያ መንገድ ብቻ ነው።

ከሟቹ የደረት ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት። 41።» ሌላ ቃል የለበትም።

ሻምበሉ ደብተሩን ለማንም ሳያሳይ ኪሱ ከተተው።

መጀመሪያ ያነጋገራት የኮሚቴውን ታይፒስት ወይዘሪት አትክልትን ነው። ዐይኗ አብጧል።

«ኮዳውን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በረንዳው ላይ ከተንጠለጠለው የሸራ ከረጢት። ሁላችንም የምንጠጣው ከዚያ ነው። ኮሚቴው በሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ዘጠኝ እንደማይነኩት ሁላችንም እናውቃለን፤ አቶ ቢሰጥማ ይቀልዱባቸው ነበር።»

«ኮዳውና አንድ ሰው ብቻቸውን የቀሩበት ጊዜ አለ?»

አሰበች። «ለዕረፍት በረንዳ የወጣን ጊዜ። አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አቶ ቢሰጥ ፀሐዩን ጠልተው ከአዳራሹ አልወጡም። ግን እሳቸው ምን ብለው... ሰብሳቢው እኮ ሁሉንም ሲሽሩላቸው ነበር የከረሙት። አሥራ ሰባትንም ይሽሩታል ብለን ነበር።»

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ክፍላቸው። አሞኛል፣ ማንም እንዳይመጣብኝ ብለው በሩን ዘጉ።»

አቶ ቢሰጥ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ ሰው ነው። ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ሻምበል፣ ገዳዩን አስራችኋል። እኔን የምታቆሙኝ ለምንድን ነው? ሥራ አለብኝ።»

«ደንቡ እንዲሻር ይፈልጉ ነበር?»

«ማን የማይፈልግ አለ? ከደጋ ያመጣኋቸው ስድስት መቶ ሠራተኞች አሉኝ። ከብቱ በወረደ ቁጥር ቦዩን ረግጦ ያፈርሰዋል። ውሃው የሚበቃው ለአንዳችን ነው። እኔ ይህን ለሰብሳቢው ከአንዴም ሁለቴ ተናግሬያለሁ፣ ተስማምተውኛል። በእሳቸው ሞት እኔ ምን እጠቀማለሁ?»

«መንገዱን በቅርቡ አይተውታል?»

«ወር ሆነኝ። ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ሽታው አያስቀርብም። ለአርባ አንድ በድን ተብሎ እርሻ አይዘጋም፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ፊቱ ግን አልተለወጠም። «አመሰግናለሁ» አለ። «ከሆቴሉ አይራቁ።»

አቶ ቢሰጥ እንደወጣ ጥሩሰውን ጠራው።

«መኪናዬን ውሰድና ወደ ከብት መውረጃው ሂድ። የሞተውን ከብት ቁጠር። ሁለት ጊዜ ቁጠር። ስንቱ ትናንትና ዛሬ እንደሞተም ጠይቅ።»

«በድን ልቁጠር ጌታዬ? እኔ ሃምሳ አለቃው?»

«አንተ ሃምሳ አለቃው። የእርሻው ዘበኞች ከሐሙስ ወዲህ ማን ወደ መንገዱ እንደመጣ ያውቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ይዘህልኝ ና።»

ባላባት ያዮን ከእስር ቤት አስመጣቸው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ካቴናው የጠበቀበትን የእጃቸውን አንጓ እያሹ ተቀመጡ። አማርኛቸው አንቱታን አያውቅም።

«አንተ ነህ ትልቁ ፖሊስ?»

«እኔ ነኝ አባት። ሐሙስ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?»

«መውረጃው ላይ። ከወልደ ኢየሱስ ጋር።»

«ክፍላቸው ነበሩ ይባላል።»

«በጓሮ ወጣ። ቢሰጥ ሳያሳየው በራሱ ዐይን ማየት ፈለገ። በጥጥ መኪና ሄድን። አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አርባ አንድ። አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። አርባ አንድ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ‹ያዮ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት ይጸናል፤ ቅዳሜ እፈርማለሁ› አለኝ።»

«ለማን ነገሩ?»

ሽማግሌው ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ። «ሰው ሳገኝ ዳጉ አለ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ይቀመጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ይናገራል። የደበቀ ሰው አይደለም። ስመለስ ሁመድን አገኘሁ። ሁሉን ነገርኩት።»

«ሁመድ ማን ነው?»

«የእህቴ ልጅ። የእርሻው ዘበኛ ነው።»

ይህን እንዳሉ እጃቸውን ማሸት አቆሙ። ሻምበሉ የሁመድን ስም ጻፈ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ፤ አትክልት፣ ወይዘሮ ንጋትወርቅ፣ አቶ ቢሰጥ፣ ባላባት ያዮ። ጥሩሰው ሻምበሉ ካስጠራው ከሁመድ ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል ውሃ ያጣ ከብት ጩኸት ከሩቅ ይሰማል።

«ወተቱ አልተነካም፤ መርዙ በኮዳው ውስጥ ነው» ብሎ ሻምበሉ ጀመረ። «ኮዳው ትናንት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠዋት መርዝ የጨመረበት ሰው፣ ሟቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይጠጡና ያን ጊዜ ብቻቸውን ክፍላቸው እንደሚሆኑ ያውቃል። ይህን ግን ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅሁ። ሞታቸው ማንን ይጠቅማል?»

«ማንንም» አለ አቶ ቢሰጥ። «እንደሚሽሩት ይታወቅ ነበር።»

«ልክ ነው። ይሽሩታል ብሎ የሚያምን ሰው ሊገድላቸው ምክንያት የለውም፤ ቢሞቱም ባይሞቱም ደንቡ ይሻራል። መግደል የሚያስፈልገው ሐሳባቸውን እንደለወጡ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያን ያህል ሰው ግን አያውቅም። ባላባት ያዮ ያውቃሉ፤ ለእሳቸው ደግሞ ሰብሳቢው እስኪፈርሙ መኖራቸው የከብቶቻቸው ሕይወት ነው። ጥሩሰው፣ ስንት ቆጠርክ?»

«አርባ ስድስት ጌታዬ። ሁለቴ። ሐሙስ ሌሊት ሦስት፣ ዛሬ ንጋት ሁለት ሞተዋል።»

«እንግዲህ አርባ አንድ የሚለው ቁጥር እውነት የነበረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሟቹ ጽፈውታል።» ደብተሩን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቁጥሩን የሚያውቁት ሟቹ፣ ባላባት ያዮና ዳጉውን የሰማ ሰው ናቸው። አቶ ቢሰጥ፣ እርስዎ መንገዱን ካዩ ወር ሆነኝ አሉኝ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቅዎ አርባ አንድ በድን አሉ።»

አቶ ቢሰጥ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ሰው የሚለው ነው።»

«ሁመድ» አለ ሻምበሉ፣ «ሐሙስ ማታ ለማን ነገርክ?»

ወጣቱ ዘበኛ አጎቱን እንጂ ማንንም አላየም። «ጋሽ ቢሰጥ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ‹ዛሬ ዳጉው ምን አለ?› ይላል። ስኳር ይሰጠኛል። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ሰውየው ሁለት ጊዜ መቁጠሩን፣ መሬት ላይ መቀመጡን፣ እፈርማለሁ ማለቱን። እኔ ክፉ ነው ብዬ አላሰብኩም።»

ሻምበሉ ለጥሩሰው ምልክት ሰጠው። ጥሩሰው ቀደም ብሎ በሻምበሉ ትእዛዝ ከአቶ ቢሰጥ መኪና ያወረደውን ጆንያ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። አዲስ ሰንሰለትና ትልቅ ጓጉንቸር ወጣ፤ መውረጃው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጋበት የተገዛ ነው። በሰንሰለቱ መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ ነበረ። ሽታው ኮዳውን አስታወሳቸው።

አቶ ቢሰጥ ጠርሙሱን አየ። «የመውረጃውን ጠርዝ ይዤ ጥጥ ዘርቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንቡ ሳይሻር ዘርቻለሁ። ቢጸና ኖሮ እስር ቤት የምገባው እኔ ነበርኩ። ስድስት መቶውን ሰው ማን ያበላዋል? አንተ ታበላዋለህ ሻምበል?»

ሻምበሉ ደብተሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ጥሩሰው የአቶ ቢሰጥን እጅ አሰረ።

የደብተሩ ጽሑፍና ሟቹ ለያዮ የሰጡት ቃል እንደ ፊርማ ይቆጠር እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ቴሌግራም ተላከ። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ መልስ አልመጣም። ቁጥር አሥራ ሰባት ተሻረ።

«እንግዲህ የእርሻው ሰዎች ይዘጉታል» አሉ ያዮ።

«በምን?» አለ ሻምበሉ። «ሰንሰለቱና ጓጉንቸሩ ከጠርሙሱ ጋር የተገኙ ኤግዚቢት ናቸው፤ ናዝሬት ይሄዳሉ። ሌላ ሰንሰለት የሚያመጣ ባቡር እስከ ሰኞ የለም።»

«ሁለት ቀን።»

«ከዚህ በላይ አቅም የለኝም አባት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንገታቸውን ደፍተው መንገዱን ተሻገሩ። ከወዲያ በኩል ሦስት ፍየሎች የሚነዳ አፋር ይመጣ ነበር። ያዮን ሲያይ ዱላውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ወሬ ይጠብቃል።

ያዮ ቆመው ቀሩ። ሻምበሉ በረንዳው ላይ ሆኖ አያቸው። ዞር ብለው የሚሄዱ መስሎት ነበር። ሽማግሌው ግን ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከሰውየው ፊት ተቀመጡ። ሻምበሉ አፋርኛ አያውቅም፤ አብረው በረንዳው ላይ የቆሙት ወይዘሮ ንጋትወርቅ ግን እዚሁ አድገዋል።

«ምን አሉት?» አላቸው።

ወይዘሮ ንጋትወርቅ ጥቂት አዳመጡ።

«‹አንድ ደግ ሰው ሞተ› አሉት። ‹ያስገደለው የእኔ ቃል ነው› አሉት። አሁን ደግሞ ሁለት ቀን ውሃ እንዳለ፣ ከብቱን ቶሎ እንዲያወርድ እየነገሩት ነው።»