ከዕድሜ ገደቡ ያለፈው ተሸካሚ

ዱላው ሲወርድ የወጣቶች ሥልጠና አስተባባሪዋ ክንዷን ዘረጋች። ለምን እንደዘረጋች በኋላም ማስረዳት አልቻለችም፤ ብቻ መሬት ላይ የወደቀው ወጣት ጭንቅላት ሌላ ምት የሚችል አልመሰላትም። አጥንቷ ቀጭ ሲል ተሰማት።

ዱላውን የያዘው የአውቶቡስ መናኸሪያው ጥበቃ ኃላፊ፣ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለሥራ ያበቃት እሱ ነው።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ እዚህ?» አላት፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ሥራዬን ልሠራ ነው፣ ጋሼ።»

ሥራዋ ከኅብረተሰቡ የተገለሉ ወጣቶችን መልምላ የብየዳ ሥልጠና ማስገባት ነበር። የእሱ ሥራ ደግሞ እነዚያኑ ወጣቶች ከመናኸሪያው ማባረር። አንድ ቤት እየኖሩ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

ሊያነሳት ጎንበስ ሲል «አትንካኝ» አለችው። ደግፎ ክሊኒክ ያደረሳት ያው የተደበደበው ወጣት ሆነ። ሁለት ሰው የሚያቅተውን ጆንያ ብቻውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስለሚሰቅል ጓደኞቹ «ጭነት» ይሉታል። የተተረተረ ቅንድቡን ሲሰፉት ትንፍሽ አላለም። የእሷን ክንድ በጀሶ ሲያስሩ ግን ፊቱን አዞረ።

«ማነሽ ግን አንቺ?» አላት።

«ከወጣቶች ፕሮግራም ነኝ። የተገለሉ ወጣቶችን እናሠለጥናለን።»

«የተገለለ ማለት እንዴት ያለ ነው?»

«ትምህርት ያቋረጠ፣ ቋሚ ገቢና ደጋፊ ዘመድ የሌለው፣ ዕድሜው ከሃያ አራት ያልበለጠ።»

ጭነት አሰብ አደረገ። «እኔ ሃያ ሰባቴን ይዣለሁ። በይ እንኳን ደስ አለህ በይኝ፤ ለካ አልተገለልኩም።»

ሳቀች። ሳቁ ክንዷን አሳመማት፤ እሱም የራሱ ክንድ የተሰበረ ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ማንም ቀድሞ ዓይኑን አልሰበረም።

የፕሮግራሙ ሥራ አስኪያጅ «የዕድሜ ገደቡን ያወጡት ለጋሾቹ ናቸው፤ እጄ ላይ አይደለም» አላት።

«ልጅነቱን ሙሉ መንገድ ላይ ያደረ ሰው፣ እኛ ስለዘገየንበት ከወጣትነት ወጣ ማለት ነው?»

በስብሰባ ላይ ሁሉ ይህንኑ እያነሳች አሰለቸችው። በመጨረሻ ለጋሾቹን ለማናገር ቃል ገብቶ፣ እስከዚያው ጭነት የአሠልጣኙ ረዳት ሆኖ እንዲገባ ፈቀደ።

ማታ ማታ ከሥልጠናው ሲወጡ እስከ ማዕዘኑ ይሸኛታል። «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ይላታል፤ «ጋሼሽ የቀረውን ክንድሽን እንዲሰብርብኝ አልፈልግም።» አንድ ቀን የብየዳ ፍንጣሪ ያበሳሳውን መዳፉን ይዛ አልለቅም አለች።

ወሬው ወንድሟ ጆሮ ደረሰ። ጠረጴዛውን ገለበጠ፤ ብርጭቆው ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ። «ለዱርዬ ነው ያሳደግኩሽ?» ብሎ በጥፊ ሲመታት ጆሮዋ ጭው አለ።

«አንተ እኔን አሳደግከኝ» አለችው ከንፈሯን እየጠረገች። «እሱን ያሳደገው የለም።»

ልብሷን በሻንጣ ጠቅልላ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ «ሰርቀሃል» ብሎ የደበደበው አንድ ጋሪ ገፊ ሞተ። የጭነት የቅርብ ጓደኛ ነበር። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ የመናኸሪያው ልጆች ድንጋይና ብረት ይዘው ኃላፊውን ከበቡት። ጭነት ጩኸቱን ሰምቶ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው የሥልጠናው ቤት ሮጠ። ሰውየውን በኮሌታው አንቆ፣ በጓደኞቹ ቡጢና እርግጫ መሐል እየጎተተ ወደዚያው ቤት አስገባውና በሩን በጀርባው ደገፈ።

«ጭነት፣ አውጣው!» አሉ ከውጭ። «ወንድማችንን ገድሎታል!»

«አውቃለሁ።»

«ከዳኋችሁ በለና!»

መስኮቱን ሰብሮ የገባው ድንጋይ የመስታወቱን ስንጥር ግራ ዓይኑ ላይ በተነው። ደሙ በጣቶቹ መሐል እየፈሰሰ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ከበሩ አልተነቃነቀም።

«ለምን አዳንከው?» አለችው ሆስፒታል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ።

«ለእሱ ብዬ አይደለም። ልጆቹ ነፍሰ ገዳይ ከተባሉ ወዲያ የትኛው ፕሮግራም ይቀበላቸዋል?»

«እኔማ ለእኔ ብለህ መስሎኝ ነበር።»

እጇን ፈልጎ ያዘ። «እሱም አለበት» አላት።

ፍርድ ቤት በወንድሟ ላይ መሰከረች። የራሷን ክንድ የሰበረውን ዱላ ጨምሮ በዓይኗ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ተፈረደበት። እሷና ጭነት ሲጋቡ ከእሷ ወገን የቆመ ዘመድ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ የመናኸሪያ ልጆች ግን መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጭነትን ቀና ብሎ ማየት አፍረው።

ወንድሟን በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል ትጠይቀዋለች። አንድ እሁድ «ዓይኑ እንዴት ሆነ?» አላት።

«አንዱ ጠፍቷል።»

ጣቶቹን ሽቦው ውስጥ አስገባ። «በሚቀጥለው ይዘሽው ትመጪያለሽ?»

ጭነት እንደወትሮው ከግቢው ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ነገረችው። መሬት መሬት አየ።

«ገና ነኝ» አላት። «ጓደኛዬ አፈር ውስጥ ነው። ይቅር ብዬዋለሁ ብልሽ እዋሻለሁ።»

«አላስቸግርህም።»

«አንቺን ግን እስከዚህ በር አመጣሻለሁ። እስክትወጪ እጠብቃለሁ።»

የዕንባዋን ዘለላ በአውራ ጣቱ ጠረገላትና ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው ሄዱ።