ፓላዲየሟ የጠጣችው

ክረምት ገብቶ ተማሪው ወደየአገሩ ሲበተን፣ የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴክኒሻኑ ስንሻው ብቻውን ቀረ። ዶክተር ሕይወት ከመሄዳቸው በፊት ፓላዲየም ከሚባል ብረት የተሠራች ጥፍር የምታህል ቅጠል አሲድ ጠብ በተደረገበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ኤሌክትሪክ ለቀውባት፣ "አርባ ቀን ኃይሉ እንዳይቋረጥ፤ ከተቋረጠ የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ" ብለውታል። ኤሌክትሪኩ ከውሃው ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ብረቷ ትጠጣለች፣ የጠጣችውን ደግሞ ውሃው ውስጥ ለተጨመረው ዘይት ታቀብላለች፤ ራሷ ግን አታልቅም። የራሷን ይዘት ዘጠኝ መቶ እጥፍ ጋዝ ትጠጣለች ሲሉት፣ ጠጅ ቤት ብትገባ ባለቤቱን ታከስር ነበር ብሎ ስቋል።

ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ደንብ ነበረ። ዘበኛው ጋሽ ይመር በየሰዓቱ ከበሩ ውጭ ይጣራሉ፤ መልስ ካጡ ከፍተው ገብተው ያወጡታል።

"ስንሻው፣ አለህ?"

"ገና አልፈነዳሁም ጋሼ፣ አለሁ።"

"ስትፈነዳ ንገረኝ።"

በቀን ውስጥ የሚያናግረው ሰው ይኸው ነበር። የቀረውን ሰዓት ከብረቷ ጋር ያወራል፤ ስለ እናቱ፣ ትታው ስለሄደችው እጮኛው፣ ማታ ማታ ስለሚበላው ቀዝቃዛ ሽሮ።

በሃያኛው ቀን የአረፋው ፍልቅልቅታ ቆመ፤ ቆጣሪው ግን ኃይሉ እየሄደ ነው ይላል። በማግስቱ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁ ጠፋ፤ በመስኮት ሲያየው ይጋረፋል፣ ይፈሳል፣ ግን ዝም። ቀጥሎ የአሲዱ ሽታ፣ ቀጥሎ የገዛ ኮቴው። ከበሩ ወዲያ ያለው ብቻ ይሰማዋል። ጋሽ ይመርም "ጮክ በል እንጂ፣ ጾመኛ መሰልክ" ይሉት ጀመር። ብረቷ አብጣ፣ ጠቁራ፣ እንደ ምላስ ለስልሳለች። የኤሌክትሪኩ ማጥፊያ ላይ እጁን አሳረፈና፣ የዶክተሯን ሦስት ዓመት አስቦ መለሰው።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደመናው ክፍሉን እንዳጨለመው ትንፋሹ አጠረ። ወደ ማጥፊያው ሲራመድ ወደቀ፤ ወለሉ እንኳ ዷ አላለም። ጮኸ፤ የራሱን ጩኸት አልሰማም። ማጥፊያው ከተዘረጋው ክንዱ ሁለት ስንዝር ይርቃል።

ከውጭ የጋሽ ይመር ቦቲ እየተጎተተ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ። ተመስገን አለ በልቡ፤ መልስ ካጡ ይገባሉ።

"ስንሻው፣ አለህ?"

ከብርጭቆው ውስጥ፣ ከሃያኛው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ አረፋ ቀስ ብላ ወጣችና፣ በስንሻው በራሱ ድምፅ፣ ሳቁ እንኳ ሳይጎድል፣ "ገና አልፈነዳሁም ጋሼ፣ አለሁ" አለች።