ያልተነካካ ፎቶ

«ይቺ ማን ናት?» አለች እናቷ፣ ጣቷን ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው የገዛ ፊቷ ላይ ተክላ።

ልጅቷ ካርቶኑን ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች። ካርቶኑን ጠቅልላ ከእናቷ ፎቶ ቤት በር ጀርባ ያቆመችው ማንም አያየውም ብላ ነበር።

«አፍሽ ምን ሆነ? ጠዋት ስትጮሂብኝ ደህና ነበር እኮ።»

«የባዮሎጂ ሥራ ነው። ጭንቀት ሰውን እንዴት እንደሚያስረጅ።»

«እና ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያረጀሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

ካርቶኑ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ አንዱ አባቷ ከመሞቱ በፊት፣ ሌላው ከሞተ ከዓመት በኋላ የተነሳ። በሁለተኛው የእናቷ ፀጉር ከፊት ሸብቷል፤ ከአፏ ግራና ቀኝ ያለው መስመር ጠልቋል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ረጅም ጭንቀት የክሮሞሶም ጫፍ መሸፈኛዎችን ያሳጥራል፤ ለፀጉር ቀለም የሚሰጡ ሴሎችንም ያመናምናል።»

የእናቷ ሥራ ፎቶ ኤዲት ማድረግ ነው፤ በሌላ አነጋገር ዕድሜ ማጥፋት። በሃምሳ ዓመቱ የገባ ደንበኛ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ይወጣል። የራሷንም ፊት አልማረችውም፤ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዋ አንድ መስመር የለበትም። ልጅቷ ግን ያልተነካካውን ከኮምፒውተሩ ውስጥ ፈልፍላ አወጣችው።

«ሰረቅሽኝ! ክፍሉ ሁሉ ከንፈር ሲመጥልኝ ደስ ሊልሽ ነው?»

«አዎ! ቢያንስ የሆነ ሰው ይየው። አባዬ ሲሞት አላለቀስሽም። ወዲያው መጥተሽ እዚህ ወንበር ላይ የሰው ብጉር ታጠፊ ጀመርሽ። ይህን ፎቶ ባላገኝ ኖሮ ምንም አልመሰላትም እንዳልኩ እቀር ነበር።»

አንድ ሰውዬ አንገቱን በበሩ አስገባ። «ጉርድ ፎቶ ነበር...»

«ዝግ ነው!» አለች እናቷ።

ሰውዬው ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አየት አድርጎ ሄደ።

እናቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። «ነይ ወዲህ።»

«አልመጣም።»

«ነይ አልኩሽ!»

ስክሪኑ ላይ የልጅቷ ፎቶ ነበር፤ ዘንድሮ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሳችው። እናቷ አንድ ጊዜ ስትጫን ሌላ ፎቶ መጣ፤ ከመነካካቱ በፊት ያለው። ያው ፊት፣ ያው ዩኒፎርም፤ ከጆሮዋ በላይ ግን ነጭ ፀጉር፣ አንድ ሁለት ሳይሆን ጭብጥ የሚሞላ።

ልጅቷ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ፀጉሯን ነጩ እንዳይታይ አድርጋ የምትሠራት እናቷ ናት፤ የተፈታው ለፎቶው ቀን ብቻ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? ጠዋት ማታ እየጮህኩብሽ ልጄን አስረጀኋት ልበል?» ድምፅዋ ሊሰበር ሲል መልሳ አጠነከረችው። «በይ ካርቶንሽን ይዘሽ ውጪልኝ። የፈለግሽበት ስቀይኝ።»

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። በድምፅዋ ኃይል «ሳይረን» የሚሏት የቡድን ጓደኛዋ ናት።

«ስሚ፣ ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የምናቀርበው እኛ ነን! እናትሽ እንዳታየው ብቻ!»

«አይታዋለች።»

«ወይኔ ጉዴ! ቀደደችው?»

ልጅቷ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጠርዛቸው እንዳይቀደድ በጥፍሯ ቀስ እያለች አላቀቀቻቸው። ከእናቷ ክንድ አጠገብ ገልብጣ አስቀመጠቻቸው።

«አልቀደደችውም። እኔ አነሳሁት።»

«አብደሻል? ባዶ ካርቶን ይዘን ልንቆም ነው? ዜሮ እኮ ነው የሚሰጠን!»

«የኔን እንለጥፋለን።»

«ያንቺን? አንቺ ደግሞ መቼ አረጀሽ?»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች። «አምና የተነሳሁትንና ይሄኛውን አትሚልኝ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እንዳትነኪው ግን።»

የእናቷ እጅ ማውሱ ላይ ቆየ። ከዚያ ዞር ሳትል ፕሪንተሩን አበራች።