የአጥሩ ቁመት እና ጥያቄ ሠላሳ አንድ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ በጥር ብርድ እንደሚፈነዳ ቧንቧ ምላሴ ይሰንጠቅ።

ዌንደል አሜሪካ ውስጥ ሐይቅ ዳር ባለችው በዱሉት ከተማ የመንገድ በረዶ የሚጠርግ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን ወደ ተጣሉ እንስሳት መጠለያ ጎራ ብሎ ኦቲስን አየው፤ ሦስት እግር ያለው ሽማግሌ ውሻ። የሚወስደው ጠፍቶ ከፍርግርጉ ጀርባ አሥራ አንድ ወር ተቀምጧል። ኦቲስ አገጩን በፍርግርጉ ላይ ጣል አደረገና አየው። በቃ፣ ሰውዬው አለቀለት።

«ልውሰደው» አለ።

«ቅጽ ይሙሉ» አሉት።

ቅጹ አሥራ አራት ገጽ ነው። የአከራይ ደብዳቤ፣ የሦስት ምስክር ስልክ፣ ድሮ የሞተበትን ውሻ ያከመው ሐኪም ቃል። እኔ እህቴን ስድር ባሏን ይህን ያህል አልጠየቅኩትም። ጥያቄ ሠላሳ አንድ ደግሞ «ቢያገቡና ሚስትዎ ውሻውን ባትወደው ምን ያደርጋሉ?» ይላል።

ዌንደል በንዴት «መጀመሪያ ሚስቲቱን ፈልጉልኝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈ።

በሳምንቱ ቤቱን የምትመረምር ሴት መጣች። ማሪት ትባላለች፤ ቤቷ ሆና የጀልባ ሸራ እየሰፋች የምትኖር፣ መጠለያውን በነጻ የምታገለግል። ሜትር አውጥታ የጓሮውን አጥር ለካች።

«ደንቡ አምስት ጫማ ነው» አለች። «የእርስዎ ሁለት ተኩል ነው።»

«አጥሩ ስድስት ነው። ሌላው በረዶ ውስጥ ተቀብሯል።»

«ደንቡ ውሻው ከሚቆምበት ይለካ ይላል።»

«እመቤቴ፣ ሦስት እግር ያለው ሽማግሌ ሁለት ተኩል ጫማ ከዘለለ፣ እኔ ራሴ ለሰርከስ አስረክበዋለሁ።»

ማሪት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ዓይኗ ግን አልታዘዘላትም፤ ዌንደል አየው።

«ያስጠርጉት። ረቡዕ እመለሳለሁ።»

የከተማውን መንገድ የሚጠርግ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮውን በአካፋ ሲዝቅ ዋለ። ማክሰኞ ማታ ከሐይቁ የመጣው ነፋስ መልሶ ሞላው። ረቡዕ ማሪት መጣች። አጥሩን አየች፣ የዌንደልን የቆሳሰለ እጅ አየች። ሜትሩን ከኪሷ አላወጣችም።

«ሌላ አካፋ አለዎት?»

ጎን ለጎን ዛቁ። ጨለም ሲል አጥሩ ስድስት ጫማ ሆነ፤ ማሪትም ፈረመች።

ዓርብ ግን የመጠለያውን ደብዳቤ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል፤ ምክንያቱም ውሻው ቀን ቀን ብቻውን ይውላል።

«አሥራ አንድ ወር ብቻውን ያስቀመጡት እነሱ አይደሉም እንዴ?» አለ ዌንደል። «ኦቲስ እኮ አርጅቷል። ስንት ዓመት ቀረው ብለው ነው?»

ማሪት ከቦርሳዋ አዲስ ቅጽ አወጣች።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው ይላል።» ስሟን ጻፈችበት። «ሸራዬን የትም መስፋት እችላለሁ።»

ዌንደል ጎንበስ ብሎ ስሟን አነበበ።

«ለውሻው ብለሽ ነው?»

«አጥሩን የለካሁት ለውሻው ነው። በረዶውንም የዛቅኩት ለውሻው መሰለህ?»

ከዚያ ገጽ ገለበጠችና ጥያቄ ሠላሳ አንድ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሚስቱ ውሻውን ትወደዋለች። ባልየው ገና በምርመራ ላይ ነው።»

ሰኔ ላይ ተጋቡ። ኦቲስ ሥርዓቱን ሁሉ የሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ተኝቶ አሳለፈው፤ ማንም ሊያስነሳው አልደፈረም።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ፈጥሬአለሁ፣ ልናዘዝ። ቅጹ አሥራ አራት ገጽ አይደለም። ሃያ ሁለት ነው። እውነቱን ብናገር ውሸታም ትሉኛላችሁ ብዬ ቀነስኩት።